ትንሽ ሞተር በአዲስ አበባ አየር

እንደምን አረፈዳችሁ? ድምፄ ከኋላ ይሰማል? ጥሩ። በር ላይ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ግቡ። አትፈሩ፣ ማንንም አስነስቼ አልጠይቅም።

በቅድሚያ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ያውም ፒያሳ፣ ያውም በመዳፍ ስለምትያዝ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ከዚህ ሆኜ ሳያችሁ ሞዴል አውሮፕላን የሚሠሩ ተማሪዎች አላችሁ። ጋራዥ የሚውሉ ወንድሞችም አላችሁ፤ ከጥፍራችሁ አውቄያችኋለሁ። (ሳቅ) ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። እናንተን በተለይ አመሰግናለሁ። እኔ በልጅነቴ ቤት ውስጥ ሞተር ስፈታ የሚደርሰኝ ኩርኩም ነበር።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሰው ባገኘኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ ሞተሬ ጉልበት አነሰው። የካርቡራቶሩን ቀዳዳ ላስፋው?» ካርቡራቶር አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ ነው፤ ቀዳዳው አየሩ የሚገባበት ነው። ተማሪው ይጠይቀኛል። መካኒኩ ይጠይቀኛል። በአንድ እጁ ትራፓኖ፣ በሌላው ካርቡራቶር ይዞ የመጣም አለ።

መልሴ አንድ ነው። አታስፋው። መጀመሪያ ነዳጁ እንዴት እንደሚመጣ አስተካክል። የነዳጁ መንገድ ተስተካክሎ፣ አየሩ ሳይንገላታ ገብቶ፣ ነዳጁን የሚመጥነው መርፌም በልኩ ተከፍቶ ጉልበት ካነሰህ ያኔ ስለ ማስፋት እናወራለን። ዛሬ የምናገረው ሁሉ የዚህ መልስ ማብራሪያ ነው። በሦስት ከፍየዋለሁ። አንደኛ ስለ አየሩ፣ ሁለተኛ ስለ ነዳጁ መንገድ፣ ሦስተኛ ስለ መርፌው። ሁለተኛው ይረዝማል። ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እሺ፣ አንደኛ። አየሩ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምንተነፍሰው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ጋር እኩል ነው? አይደለም። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ፒያሳ ከዚያም ከፍ ይላል። ባሕር ዳርቻ ላይ የአየር ግፊት 1,013 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 770 ገደማ ይወርዳል። ሙቀቱ እኩል ነው ብንል እንኳ ሞተራችን ባንድ ጊዜ የሚስበው አየር ሩብ ያህሉ ጎድሎ ይመጣል። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር የሚረዝመው ለጌጥ አይደለም። በሳሳ አየር ውስጥ ለመነሳት ብዙ መሮጥ ያስፈልጋል።

ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ይህን ችግር የሚወጡበት መላ አላቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች፣ ማለትም የዲሲ-3 ወንድሞች፣ ሞተራቸው ካርቡራቶር ነበረው። ግን ሱፐርቻርጀርም ነበረው። የሳሳውን አየር ጨምቆ ያስገባ ነበር። ካርቡራቶር ያላቸው ትንንሽ የሥልጠና አውሮፕላኖችም ቢሆኑ አብራሪው ከፍ ባለ ቁጥር ነዳጁን የሚቀንስበት እጀታ አላቸው። የእኛ ሞተርስ? እኛ ያለን አንድ መርፌና ሁለት ጣት ነው።

አጎቴ ፔጆ 504 ነበረው። መካኒኩ ሽማግሌ ነበሩ፣ ብዙ አይናገሩም። ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ያስደግፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ገጥመው ያዳምጣሉ። እኔ ካርቡራቶር የሚባለውን ነገር የወደድኩት እሳቸው ጋር ነው። ኪሳቸው ውስጥ የክብሪት ሳጥን ነበረች። ሲጋራ የሚያጨሱ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሳጥኗ ውስጥ ያሉት ነዳጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ የነሐስ ቡሎኖች ናቸው። አንዷ የአዲስ አበባ፣ አንዷ የቆላ። አጎቴ ወደ አዋሽ ሊወርድ ሲል ይመጣል፤ እሳቸው አንዷን ፈትተው ሌላዋን ያስሩለታል። «እዚያ ታች አየሩ ይወፍራል። በዚህችኛዋ ብትሄድ ነዳጅ ያንሰውና ሞተርህ ይጋላል» ይሉታል። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ግን አየር ሲወፍር ነዳጅም መጨመር እንዳለበት ያውቁ ነበር።

አሁን ትንሽ ሒሳብ ልናገር። የሚያዛጋ ካለ እታገሰዋለሁ። ካርቡራቶር አየሩን በሚዛን አይመዝንም። የሚያውቀው በጉሮሮው፣ ማለትም ልታሰፉት በምትሉት ቀዳዳ ውስጥ፣ የሚያልፈውን አየር ፍጥነት ነው። ወንዝ ገደል ለገደል ሲጠብ እንደሚፈጥነው፣ አየርም በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል። ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል። ያ የወረደ ግፊት ነው ነዳጁን ከታንክ ስቦ የሚያመጣው። ካርቡራቶሩ ውስጥ ሌላ ምትሃት የለም።

ታዲያ እዚህ ምን ይሆናል? አየሩ በሩብ ሳሳ። ሞተሩ በዚያው ዙር ቢዞር፣ የሚገባው አየር በክብደት በ25 በመቶ ይቀንሳል። መሳቡም በ25 በመቶ ይቀንሳል። ነዳጁ ግን የሚቀንሰው በ13 በመቶ ብቻ ነው፤ የነዳጅ ፍሰት ከግፊቱ ካሬ ሥር ጋር ነውና የሚሄደው። ስለዚህ ድብልቁ 15 በመቶ ያህል ነዳጅ ይበዛበታል። ባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ የሚያንኮራፋው፣ የሚያጨሰውና ዘይት የሚተፋው ለዚህ ነው።

ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለተኛውን ነው። መሳቡም ተዳክሟል። ልብ በሉልኝ፣ መሳቡም ተዳክሟል! ሩቡን አጥቶ የመጣ ካርቡራቶር ነው እንግዲህ በትራፓኖ ልታሰፉት የምትሉት።

ምን ያህል እንደሚጎዳ ላሳያችሁ። በገመድ እየተያዙ በክብ የሚበሩ ሞዴሎች ሞተር ላይ ጉሮሮውን አቋርጣ የምታልፍ የነዳጅ ቧንቧ አለች። ጉሮሮው 7 ሚሊሜትር፣ ቧንቧዋ 4 ሚሊሜትር ናቸው እንበል። ለአየር የሚቀረው ክፍት ቦታ 12 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው። አብዛኛው በቧንቧዋ ተዘግቷል። አንድ ሰው መጣና «አንድ ሚሊሜትር ብቻ» ብሎ ወደ 8 አሰፋው። ክፍቱ ቦታ ስንት ሆነ? ወደ 20 ካሬ ሚሊሜትር ሊጠጋ ነው። ከ60 በመቶ በላይ ጨመረ! የሚያልፈው አየር ያው የቀድሞው ያህል ቢሆን፣ መሳቡ ከነበረው ወደ 38 በመቶ ይወርዳል። ከዚያ ሞተሩ መሬት ላይ ያጓራል፣ ደስ ይላል፣ ይጨበጨባል። አፍንጫው ቀና ሲል ግን ጸጥ ይላል። ነዳጁ አልደረሰማ።

ሌላ የሚያታልል ነገር አለ፣ ዙር መቁጠሪያው። እዚህ ሞተሩን አስነስታችሁ ዙር ብትቆጥሩ፣ ባሕር ዳርቻ ካለው ብዙም አይለይም። ለምን? የሞተሩ ጉልበት ቀነሰ፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየርም ቀለለለት። ሁለቱ ተቻቻሉ። ፕሮፔለሩ አውሮፕላኑን የሚጎትትበት ኃይል ግን በሩብ ገደማ ወርዷል። ስለዚህ «ዙሩ ሙሉ ነው፣ ጉልበቱ የት ሄደ?» እያላችሁ ካርቡራቶሩን አትክሰሱ። አንዳንዴ መፍትሔው አንድ ኢንች የሚበልጥ ፕሮፔለር ሞክሮ ማየት ነው። አንዳንዴ ደግሞ የአውሮፕላኑን ክብደት መቀነስ ነው። ኢፖክሲ ማጣበቂያ እንደ ሽሮ የምታፈሱ ልጆች፣ ለእናንተ ነው የምናገረው። (ሳቅ)

ስለ አየር ሳልጨርስ በነጻ የሚገኝ ጥቅም ልንገራችሁ። ቀዳዳውን ሳታሰፉ አየሩ በቀላሉ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። የጉሮሮውን አፍ ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱት። ስለት ከሆነ አየሩ እዚያ ይሰበራል፣ ይሽከረከራል፣ የቀዳዳው ሙሉ ስፋት አይጠቅማችሁም። ጠርዙ ክብ ተደርጎ የለሰለሰ አፍ ሲኖረው ያው ቀዳዳ ይበልጥ ያሳልፋል። ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ከአልሙኒየም ወደ ውጭ ክፍት ያለች አጭር አፍ ታስቀርጻላችሁ። ውስጧን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳላችሁ። በሁለት ምት ሞተር ላይ ሌላም ጥቅም አላት። ጉሮሮው ወደ ኋላ የሚተፋውን የነዳጅ ጭጋግ ይዛ መልሳ ታስገባለች። እስቲ አንድ ቀን ነጭ ወረቀት አፉ አጠገብ ያዙ፣ ስንት እንደሚተፋ ታያላችሁ። ወረቀቱን ግን ከፕሮፔለሩ ጀርባ፣ ራቅ አድርጋችሁ።

ካርቡራቶሩ ከሞተሩ አንገት ጋር የሚገናኝበትንም እዩት። አንዱ ቀዳዳ ሰፍቶ ሌላው ጠቦ ደረጃ ሠርቶ ከሆነ ደረጃውን በጥንቃቄ አለስልሱ። ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ሳትፈቱ ግን ሞረድ እንዳታስጠጉ። አንዲት የብረት ቅንጣት ኩሽኔታ ውስጥ ከገባች ያተረፋችሁትን ሁሉ ትበላለች። የክራንክ ሻፍቱን፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ፣ የአየር መግቢያ መስኮት አትንኩት። ቀዳዳው የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜ ተቆጥሮ የተሠራ ነው።

ሙቀትም አለ። ሞተሩ በሽፋን ውስጥ ከሆነ ሲሊንደሩን ነክቶ የጋለ አየር ነው ካርቡራቶሩ የሚስበው። አየር በ30 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ይሳሳል። ሩቡን ላጣ ሰው 10 በመቶ ትልቅ ነገር ነው። ቀዝቃዛ አየር በቀጥታ ከውጭ የሚያመጣ መንገድ ስጡት። የሞቀው የሚወጣበትንም ከመግቢያው አስፉት። ካልወጣ አዲሱ አይገባም።

አቧራውን እንዳልረሳው። በጋ ላይ ሜዳ ወርዳችሁ ስትሠሩ አቧራው ይታወቃል። ሞተሩን መሬት ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አስነሱ፤ ከዚህ በላይ ፊልትሮ የለም። ስፖንጅ ወይም የስቶኪንግ ጨርቅ የምታደርጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩት። ተስቦ ከገባ አቧራው ይሻል ነበር።

አሁን ሁለተኛው። የነዳጁ መንገድ። ትንሽ ውሃ ልጠጣ።

አንድ ነገር ላስቀድም። የብዙዎቻችን ሞተር የሚሠራው በቤንዚን አይደለም፣ ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ሜታኖል ግን 6.4 ብቻ። ይህ ምን ማለት ነው? ለዚያው አየር ከሁለት እጥፍ በላይ ነዳጅ ማምጣት አለብን ማለት ነው። ስለዚህ በሜታኖል ሞተር ላይ የነዳጅ መንገዱ ትንሽ እንኳ ከጠበበ ወዲያው ይታወቃል። የመኪና ልምድ ይዘው የሚመጡ ወንድሞች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። በጣም ቀጭን ቱቦ ያደርጋሉ፣ ጥቅጥቅ ያለ ፊልትሮ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ካርቡራቶሩን ይወቅሳሉ።

ስለዚህ ምርመራው ከታንክ ይጀምር። ከታንክ!

ታንኩ የት ነው የተቀመጠው? መሐሉ ከካርቡራቶሩ መርፌ ጋር እኩል፣ ወይም አንድ ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መሆን አለበት። ከፍ ካለ ነዳጁ በራሱ ክብደት ይፈስሳል፤ ሞተሩ ሲነሳ ይሰጥማል፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ ያንቀዋል። በጣም ዝቅ ካለ መሳቡ ሁልጊዜ ዳገት ይወጣል። በተቻለ መጠን ደግሞ ለሞተሩ ቅርብ ይሁን። ታንኩ 15 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ከሆነ፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ሲወጣ ታንኩ ከካርቡራቶሩ 15 ሴንቲሜትር በታች ሆነ ማለት ነው። ነዳጅ የሚያንሰው ጉልበት በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ይህንን ብቻ አስተካክለው «ሞተሬ ዳነ» ያሉኝ ልጆች አሉ።

ታንኩ ውስጥ በቱቦ ጫፍ የታሰረች ክብደት አለች። አውሮፕላኑ በዞረ ቁጥር እሷም ነዳጁ ወዳለበት ትዞራለች። ታንኩን አውጡና በጆሯችሁ አጠገብ አገላብጡት። ትንከላወሳለች? ድምፅ አላት? ከሌላት ቱቦዋ ደርቋል ወይም ተጣብቋል። የኋላ ግድግዳውንም መንካት የለባትም፤ ከነካች ተጣብቃ ትቀርና ነዳጅ እያለ ሞተሩ ይጠፋል። አውሮፕላኑ በአፍንጫው ተተክሎ ካረፈ በኋላ ክብደቷ ወደ ፊት ተገልብጣ የምትቀርበት ጊዜ አለ። ሞተሩ መሬት ላይ ይሠራል፣ አየር ላይ ይጠፋል። ሰው ሦስት ካንዴላ ይቀይራል። ነገሩ ያለው ታንክ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ። የሲሊኮን ቱቦ ሲያረጅ፣ የነሐሱ ቧንቧ ጫፍ ስለት ሲሆን፣ ቱቦው ይቀደዳል። ነዳጅ ላያፈስ ይችላል፣ አየር ግን ይስባል። ግልጽ ቱቦ ካላችሁ ሞተሩ ሲሠራ እዩት፤ አረፋ እየተግተለተለ ሲሄድ ታያላችሁ። ታንኩን ደግሞ ባልዲ ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ፣ ሌሎቹን ቀዳዳዎች በጣት ይዛችሁ፣ በአንዱ በኩል እፍ በሉበት። አረፋ የወጣበት ቦታ ጥፋተኛው እሱ ነው። ከዚያ በደንብ አድርቁት። ሜታኖልና ውሃ ተፋቅረው ይኖራሉ፤ ሞተራችሁ ግን አይወደውም።

ንዝረትም አረፋ ይሠራል። ታንኩ ከእንጨቱ ጋር ተጋጭቶ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ነዳጁ ታንክ ውስጥ ይፈላል፣ ካርቡራቶሩም አረፋ ይጠጣል። ታንኩን በስፖንጅ ጠቅልሉት። የፕሮፔለሩን ሚዛንም አስተካክሉ፤ የንዝረቱ ምንጭ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ይጠይቀኛል። «ይህን ሁሉ አደረግሁ፣ ግን መሳቡ ራሱ ደካማ ነው ብለሃል፤ ምን ላድርግ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ነዳጁን ከመሳብ ይልቅ መግፋት ነው። ቀላሉ መንገድ ከማርሚታው ነው። ማርሚታው ላይ ትንሽ ኒፕል ይታሰራል፣ ከእሱ ቱቦ ወደ ታንኩ ላይኛው ክፍል ይሄዳል። የጭሱ ግፊት ታንኩን ይጫነዋል። ያማረው ነገር ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ግፊቱም ይጨምራል፣ ፍላጎቱም ይጨምራል። አብረው ያድጋሉ። ብዙዎቹ ዘመናዊ ማርሚታዎች ኒፕሉ አላቸው፤ ሰው ግን ቱቦውን ሳያገናኝ ይተወዋል። ዛሬ ቤት ስትገቡ እዩት። ይህ ቱቦ ከተነቀለ ወይም በጥቀርሻ ከተደፈነ ሞተሩ ድንገት ነዳጅ ያንሰዋል።

ከዚያ ከፍ ያለ መላ ፓምፕ ነው። ዋይኤስ የሚባለው የጃፓን አምራች ፓምፕ አብሮ የተሠራላቸው ሞተሮች በማምረት የታወቀ ነው። ፓምፕ ካለ ታንኩን የአውሮፕላኑ ሚዛን ባለበት፣ ክንፉ ጋ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ጉሮሮውም ሰፊ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ማስፋት የሚፈቀደው የት እንደሆነ አያችሁ? ነዳጁ ተገፍቶ በሚመጣበት ነው። ያኔም ቢሆን ኦርጅናሉን አትብሱት። ጉሮሮው ተነቃይ ከሆነ ቶርኖ ቤት አዲስ አስቀርጹ፣ ሁለት አስረኛ ሚሊሜትር እየጨመራችሁ ሞክሩ፣ ኦርጅናሉን ኪሳችሁ አስቀምጡ። ክብሪት ሳጥን ውስጥም ቢሆን።

የቤንዚን ሞተር ያላችሁ፣ እጃችሁን እስቲ። አሉ። የእናንተ አብዛኛው ዋልብሮ ካርቡራቶር ነው፤ ዛፍ መቁረጫ ላይ ያለው ዓይነት። እሱ ፓምፕ በውስጡ አለው፤ ከክራንክ ቤቱ የግፊት ምት ተቀብሎ በውስጡ ያለውን ስስ ልጥፍ፣ ዲያፍራም የሚባለውን፣ ያርገበግባል። የታንክ ከፍታ ብዙ አያስጨንቃችሁም። ግን አንድ ተንኮል አለው። በክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ካርቡራቶሩ የውጭውን ግፊት የሚያውቀው በእሷ ነው። የፕሮፔለሩ ነፋስ በቀጥታ ከመታት ወይም ሽፋኑ ውስጥ ግፊቱ ከተለዋወጠ ካርቡራቶሩ ይታለላል። ሽፋኑን አውልቃችሁ ስታስተካክሉ መልአክ ነው፣ ሽፋኑን ስታስሩት ይበላሻል። መድኃኒቱ ክዳኑ ላይ ትንሽ የነሐስ ቧንቧ በዩላችሁ፣ በቱቦ ነፋስ ወደማይደርስበት፣ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ መውሰድ ነው። ስትበይዱ ክዳኑን ነቅላችሁ፣ ልጥፉን አውጥታችሁ። ሌላው፣ የሲሊኮን ቱቦ ለቤንዚን አይሆንም። ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይወልቃል። ለቤንዚን የተሠራ ቱቦ ፈልጉ።

የሚስብ አየር ሁሉ በጉሮሮው ብቻ መግባት አለበት። በካርቡራቶሩ አንገት ያለው የጎማ ቀለበት ከደረቀ በጎን ይገባል። ሚኒሞው አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል፣ እናንተ መርፌ ስታዞሩ ትውላላችሁ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በአንገቱ ዙሪያ ከኋላ ሆናችሁ ጠብታ ነዳጅ አድርጉበት። ዙሩ ከተለወጠ አገኛችሁት። የመርፌው ጥርስ ራሱም አየር ያሳልፋል። አንዲት አጭር የቱቦ ቁራጭ መርፌው ላይ ማልበስ ብቻ ይበቃል።

ስለ ነዳጁ ራሱ ሁለት ቃል። ሜታኖል፣ ዘይት፣ ሲገኝም ትንሽ ናይትሮሜቴን ነው። ናይትሮሜቴን ከራሱ ጋር ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ አየር ለሳሳበት አገር ይጠቅማል። ዘይቱ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 20 በመቶ ነው። የጉሎ ዘይት አገራችን ይበቅላል፣ ሜታኖል ውስጥም በደንብ ይሟሟል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ሲግል የሚያድነው እሱ ነው። ግን በደንብ የተጣራ ይሁን። ለጸጉር ተብሎ የሚሸጠውን ሞተር ውስጥ አታድርጉ።

እናቶችና አባቶች፣ ይህቺን ለእናንተ ነው። ሜታኖል አረቄ አይደለም። ትንሽ ከተጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። በቆዳም ይገባል። በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡት፣ ጓንት አድርጉ፣ በር ክፈቱ። ሌላም ጠባይ አለው። ሲቃጠል እሳቱ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ጠረጴዛው ላይ አየሩ እንደ ሙቀት ሲርገበገብ ካያችሁ እጃችሁን አትስደዱ።

አሁን ሦስተኛው፣ መርፌው። አጭር ነው፣ አትጨነቁ። ሰው ከዚህ ስለሚጀምር ነው መጨረሻ ያደረግሁት።

ሞተሩን አሙቁ። ነዳጅ በዝቶበት ይነሳ። ሙሉ ዙር ስጡትና መርፌውን ቀስ በቀስ ዝጉ። ድምፁ እየሳለ፣ እየሳለ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ መጨመር ያቆማል። እዚያ አትቁሙ! ከዚያ ወደ ኋላ በደቂቃ ከ300 እስከ 500 ዙር እስኪወርድ ክፈቱ። ከዚያ ሰው አውሮፕላኑን አጥብቆ ይዞ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ያንሳ። ዙሩ ከጸና ወይም ትንሽ ከጨመረ ጨርሳችኋል። ከወረደ ነዳጅ አንሶታል፣ ትንሽ ክፈቱ። አዲስ አበባ ላይ መርፌው አምራቹ ከጻፈው ትንሽ ተዘግቶ ቢገኝ አትደንግጡ፤ ለምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ሚኒሞው ሌላ መርፌ ወይም ሌላ ቡሎን አለው። በሚኒሞ እየሠራ እያለ የነዳጁን ቱቦ ከካርቡራቶሩ አጠገብ በጣት ቆንጥጡት። ዙሩ ብዙ ከጨመረና ቆይቶ ከጠፋ፣ ነዳጅ በዝቶበታል። ወዲያው ከጠፋ፣ አንሶታል። በመጠኑ ጨምሮ ከጠፋ፣ ልክ ነው። ሁልጊዜ ትልቁን መርፌ ጨርሳችሁ ነው ወደ ሚኒሞው የምትመጡት። ካንዴላውንም አስቡበት። የሜታኖል ሞተር ካንዴላ ብልጭታ የለውም፤ የፕላቲነም ጠመዝማዛው በ1.5 ቮልት ይጋላል፣ ከዚያ ሜታኖሉ ራሱ እንደጋለ ያቆየዋል። እዚህ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀው አየር ስለሚያንስ ጠመዝማዛው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ባትሪው ሲነቀል ዙሩ ከወረደ አንድ ደረጃ ሞቅ ያለ ካንዴላ ሞክሩ።

ይህን ሁሉ የምታደርጉት ከፕሮፔለሩ ኋላ ቆማችሁ ነው። ከጎኑም አይደለም፣ ከፊቱም አይደለም። አንድ እሁድ ሜዳ ላይ ሞተር ስናስነሳ ጋቢ የለበሱ አባት «ምንድን ነው ይሄ የሚጮኸው?» ብለው በፊት ለፊት መጡ። አውሮፕላኑን የያዘው ልጅ ቀልጣፋ ነበር፣ ቱቦውን ቆንጥጦ አጠፋው። የጋቢያቸው ጥለት ከፕሮፔለሩ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። «በረታችሁ» ብለው መርቀውን ሄዱ። እኛ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ሥራው ተመልካች መጠበቅ ብቻ ነው። ማብረሩ ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል፤ በከተማው መሀል እንዳትሞክሩት።

ስትጨርሱ ታንኩን ባዶ አድርጉ። ቱቦውን ዝጉና ሞተሩ ያለውን ጨርሶ በራሱ ይጥፋ። ሜታኖል እርጥበት ይስባል፣ ክረምት ላይ ይባስ፤ ኩሽኔታው ይዝጋል። በካርቡራቶሩ ጥቂት ጠብታ ዘይት አስገብታችሁ ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሩ። የጉሎ ዘይት ደርቆ መርፌውን ካጣበቀው በጉልበት አትጠምዝዙ። ቀስ ብላችሁ በሙቅ አየር አሙቁት፣ ይለቃል።

ሰብሳቢው ሰዓት እያሳዩኝ ነው። እሺ፣ አበቃሁ። ግቢው ውስጥ አንድ 7.5 ሲሲ ሞተር ጠረጴዛ ላይ አስረናል። ጆሮ መድፈኛ በሩ ላይ ትወስዳላችሁ። መጀመሪያ የማርሚታውን ቱቦ ነቅለን እናስነሳዋለን፣ ከዚያ አገናኝተን። መርፌውን ማን ያዞራል? እዚያ ቀይ ሹራብ የለበስሽው እህቴ፣ ቅድም ጀምሮ ስትጽፊ ነበር። አንቺ ነሽ። ነይ።